የማይነክስ ሾትገን እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄው ከሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ የተላከ ነው፤ ስለ ሾትገን፣ ማለትም ብዙ ፍሬ በትኖ ስለሚተኩስ የወፍ አደን ጠመንጃ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

"ጋሼ፣ አሜሪካ ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሁለት ዓመት የፌዘንት አደን ወጥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በውሰት ጠመንጃ። ዘንድሮ የራሴን ሴሚ አውቶማቲክ ሾትገን መግዛት እፈልጋለሁ። በጀቴ 1200 ዶላር ነው። ዳክዬ ስለማልበላ የማድነው ፌዘንት ብቻ ነው። አንዱ ባለሱቅ ባለ 3½ ኢንቹን ካልገዛህ ብሎ ያዘኝ። ሌላው የቱርኩን በ400 ዶላር ውሰድና ተገላገል አለኝ። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ጡረተኛ ደግሞ የአባቱን ብራውኒንግ አውቶ 5 ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። የማይነክሰው የትኛው ነው?"

ወንድሜ፣ "የማይነክሰው" ማለትህ ደስ አለኝ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ "ምርጡ የቱ ነው?" ብሎ ነው። ምርጥ ለአንዱ ያማረ እንጨት ነው፣ ለሌላው ትልቅ ስም ነው። አንተ የጠየቅከው ቃታ ስትስብ የሚተኩስ፣ ደግመህ ስትስብም የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። በዚህ እንነጋገር።

ሃያ ዓመት ገደማ እዚህ ሚኒሶታ የሰው ጠመንጃ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። "ነከሰብኝ" ተብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቀመጠው ሾትገን አብዛኛው የተሰበረ ዕቃ የለውም። ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ዘይት በዝቶበታል፣ ወይ የማይስማማው ጥይት ጎርሷል። ስለዚህ ስም ከመምረጥህ በፊት የምታድነውን ወፍ፣ የምትተኩሰውን ጥይትና ጠመንጃውን ለማጽዳት ያለህን ትዕግሥት አስብ። እነዚህ ሦስቱ ግማሹን መልስ ይሰጡሃል።

ከወፉ እንጀምር። ፌዘንት ለአንተ ግዛት እንግዳ ሆኖ የመጣ ወፍ ነው። ዘሩ ከእስያ ነው። ዛሬ ግን የሳውዝ ዳኮታ መለያ ወፍ እሱ ነው። የመጀመሪያው የአደን ወቅት በ1919 በስፒንክ አውራጃ ለአንድ ቀን ብቻ ተፈቀደ። አሁን ወቅቱ በፈረንጅ ኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ ይከፈታል፤ በቀን ሦስት ወንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሴቷን መተኮስ ክልክል ነው።

ሁለት ዓመት ወጥተህ አይተኸዋል። ወንዱ ፊላው ውስጥ ተለጥፎ ይቀመጣል። ልትረግጠው አንድ እርምጃ ሲቀርህ እየጮኸ ሽቅብ ይፈነዳል። ልብህ ይዘላል። ወንድ መሆኑን በቀለሙና በረጅም ጭራው ትለያለህ፣ ከጀርባው ሰው ወይም ውሻ አለመኖሩን ታያለህ፣ ከዚያ ሰደፉን ትከሻህ ላይ ታደርጋለህ። ይህ ሁሉ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ጥይት ከኋላው ካለፈ ሁለተኛውን የምትተኩስበት ጊዜ እጅግ ጠባብ ነው። ከተኮሰ በኋላ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ ሴሚ አውቶማቲክ የሚጠቅምህ እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ጥይት ብዙም አያስፈልግም። ሁለተኛው ግን መውጣት አለበት።

ባለ 3½ ኢንቹን እርሳው። ቁጥሩ የሚጎርሰው ጥይት ርዝመት ነው። ያ ረጅም ጥይት የተሠራው ለትልልቅ የውሃ ወፎች፣ በተለይ ለዝይ ነው። የመጀመሪያው 3½ ኢንች የሚጎርስ ሴሚ አውቶማቲክ የቤኔሊው ሱፐር ብላክ ኢግል ነው፤ በ1991 ወጣ። ያኔ የውሃ ወፍ አዳኞች በመላ አሜሪካ በእርሳስ ፈንታ ብረት እንዲተኩሱ የተገደዱበት ዘመን ነበር። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ብዙ ፍሬ የሚይዝ ትልቅ ቀለህ ተፈለገ። ለፌዘንት ይህ አያስፈልግም። ርግጫው ትከሻህን ያበላሸዋል፣ ዋጋው ይጨምራል። ደግሞም ያን ሁሉ ኃይል እንዲችል የተሠራ ጠመንጃ ቀላል ጥይት ሲጎርስ ሊያንገራግር ይችላል። ባለ 3 ኢንች ይበቃሃል። ሜዳ ላይ የምትተኩሰው አብዛኛው ጥይት 2¾ ኢንች ነው።

12 ጌጅ ወይስ 20 ጌጅ? ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል። ለአንተ 12 ነው የምለው። የብረት ጥይት እንደልብ የሚገኘው በ12 ነው፤ ብረት ለምን እንደሚያስፈልግህ በኋላ እነግርሃለሁ። 20 ቀላልና ምቹ ነው፤ ሙሉ ቀን ለሚራመድ ሰው በእውነት ያጓጓል። ግን አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ካሉ ጥይቶቹ በፍጹም አንድ ኪስ ውስጥ አይግቡ። የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ የሚቀባው ያለ ምክንያት አይደለም። በስህተት 12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጥ ከገባ ሾልኮ ወደፊት ይሄድና መሃል ላይ ይቀረቀራል። ከኋላ ስታየው ጠመንጃው ባዶ ይመስላል። ሰውየው "አልጎረሰም" ብሎ የ12 ጥይት ይጨምርና ቃታ ይስባል። አፈሙዙ ከግራ እጁ በላይ ይፈነዳል። እንደዚያ የተቀደደ አፈሙዝ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ብረቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተዘርግቶ ነበር።

አሁን ወደ ሆድ ዕቃው እንግባ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሴሚ አውቶማቲክ ሾትገን በሁለት መንገድ ነው የሚሠራው።

አንዱ በጋዝ ነው። አፈሙዙ ላይ ከታች በኩል ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጥይቱ ሲተኮስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በቀዳዳዎቹ ወርዶ ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑ ቦልቱን፣ ማለትም ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ተንሸራታች ብረት፣ ወደኋላ ይመታዋል፣ ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ ሞላው ቦልቱን መልሶ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ጥቅሙ ርግጫው ለስለስ ይላል። ብዙ ዓይነት ጥይት ይበላል። ጉዳቱ ጋዙ ጥላሸት ይዞ መምጣቱ ነው። አንድ ወቅት ሙሉ ያልተጸዳ ፒስተን ስታወጣ እንደ ከሰል ምድጃ ጠቁሮ፣ ጥላሸቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ታገኘዋለህ። በቢላ ጫፍ የሚፋቅ ይመጣብኛል። ከዚያ ባለቤቱ "ድሮ እንዲህ አልነበረም" ይለኛል።

ሁለተኛው ኢነርሺያ የሚባለው ነው። ቤኔሊ በ1967 ኡርቢኖ፣ ጣሊያን የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ንድፉ የብሩኖ ቺቮላኒ ነው። እዚህ ጋዝ የለም፣ ፒስተን የለም። ቦልቱ ውስጥ አንድ አጭር፣ ወፍራም ሞላ አለ። ጥይቱ ሲተኮስ ጠመንጃው በሙሉ ወደኋላ ይራገጣል፤ ከባዱ ቦልት ግን ባለበት ለመቆየት ይሞክራል። መኪና በድንገት ሲነሳ ጀርባህ ወንበሩ ላይ እንደሚለጠፈው ነው። በዚያች ቅጽበት ሞላው ይታመቃል፤ ሲለቀቅ ቦልቱን ወደኋላ ይወረውረዋል። ጥላሸቱ ከጥይቱ ጋር በአፈሙዙ ይወጣል። ስለዚህ ውስጡ ንጹህ ሆኖ ይቆያል፣ ጠመንጃውም ቀለል ይላል። ዋጋውን የምትከፍለው በትከሻህ ነው። ርግጫው ከጋዙ ይበረታል። ቀላል የሆነ የሸክላ ኢላማ ጥይት ሲሰጠው አንዳንዴ ቦልቱን እስከ መጨረሻው አይገፋውም።

ኢነርሺያ አንዲት ጠባይ አለችው፤ ሳትነግርህ እንዳታታልልህ። ቦልቱን በእጅህ ይዘህ ቀስ አድርገህ ከመለስከው ጭንቅላቱ ዞሮ ሙሉ በሙሉ አይቆለፍም። ከውጭ ስታየው የተዘጋ ይመስላል። ወፉ ይነሳል፣ ቃታ ትስባለህ፣ "ቀጭ" ብቻ። ሰው ጥይቱ ከሸፈ ብሎ ያስባል፤ ጥይቱ ግን ደህና ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ቦልቱን ለቀህ ራሱ በኃይል እንዲዘጋ አድርግ፤ ከዚያ እጀታውን በመዳፍህ አንዴ ወደፊት መታ አድርግ። አጥር ተሻግረህ ወይም ወድቀህ ስትነሳም እንዲሁ አድርግ።

አሁን ብርድ። ጥላሸትና ብርድ ሲገናኙ ነው የሚያስቸግሩህ። የራሴን ልንገርህ። የመጀመሪያዬን ሴሚ አውቶማቲክ የገዛሁ ዓመት ከሳጥኑ አውጥቼ በቀጥታ ሜዳ ወጣሁ። ዲሴምበር ነበር፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። ሁለት ወንዶች ባንዴ ተነሱ። አንዱን ተኮስኩ። ሁለተኛውን ልተኩስ ቃታ ስስብ ምንም የለም። ዝቅ ብዬ ሳይ ቦልቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ባዶው ቀለህ በአፉ ተነክሶ ቀርቷል። ቤት ገብቼ ስፈታው ፋብሪካው ዝገት እንዳይነካው ብሎ የቀባው ቅባት እንደ ቀዘቀዘ ሰም ጠጥሮ አገኘሁት። ጠመንጃው ምንም አልሆነም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነበር። ያን ቅባት በማጽጃ ፈሳሽ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ አደረግኩበት። ከዚያ ወዲያ በብርድ አልነከሰብኝም።

ስለዚህ አዲስ ጠመንጃ ስትገዛ የመጀመሪያ ሥራህ ማጠብ ነው። ዘይቱ ደግሞ ስስ ይሁን። በጣትህ ስትነካው ጣትህ ላይ የሚያብለጨልጭ ፊልም ብቻ እንጂ ጠብታ መቅረት የለበትም። የኛ ሰው ዘይት ሲወድ! ወጥ ላይ ያምራል፤ ሾትገን ላይ ግን አቧራና የሣር ፍሬ ሰብስቦ ሊጥ ይሆናል።

ወደ ስም ልምጣ፤ እሱን ነው የምትጠብቀው። በ1200 ዶላር እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ቤሬታ ኤ300 አልቲማን፣ 12 ጌጅ፣ ባለ 3 ኢንች፣ 28 ኢንች አፈሙዝ ያለውን እገዛለሁ። በጋዝ የሚሠራ ነው፣ ርግጫው ልዝብ ነው፣ መፍታትና መግጠሙ አያስቸግርም። ቤሬታ ከ1526 ጀምሮ አፈሙዝ የሚሠራ የጣሊያን ቤት ነው፤ ይህን ሞዴል ግን እዚሁ ቴነሲ ውስጥ ነው የሚያመርተው፤ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል። ለእኔ መለዋወጫ ትልቅ ነገር ነው። አምስት ዶላር የማትሞላ ክፍል ጠፍታ ወቅቱ ያለፈበት ሰው ስንቱን አይቻለሁ።

"እኔ ማጽዳት ላይ ሰነፍ ነኝ፣ ብዙ እራመዳለሁ" ካልከኝ መልሴ ይቀየራል። ያኔ ፍራንኪ አፊኒቲ 3ን እይ። ፍራንኪ የቤኔሊ ቤተሰብ ነው፤ ያንኑ የኢነርሺያ አሠራር በዝቅተኛ ዋጋ ታገኛለህ። የመመለሻ ሞላው ካዝናው ቱቦ ዙሪያ ስለሆነ የፊት እንጨቱን ስታወጣ እዚያው ፊትህ ነው። ቤኔሊ ኤም2 ደግሞ ድንቅ ጠመንጃ ነው፤ አዲሱ ግን ከበጀትህ ያልፋል። የተሠራበት ካገኘህ ሰደፉ ውስጥ ያለውን የሞላ ቱቦ አስፈትተህ እይ። ውሃ እዚያ ገብቶ ይቀራል፤ ማንም አያየውም፤ ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። ሰው "ጠመንጃዬ ደከመ" የሚለው ብዙ ጊዜ ያ ሞላ ዝጎ ነው። ሬሚንግተን 1100 እና 11-87 ላይም እንዲሁ ነው።

ሬሚንግተን 1100ን ካነሳሁ አይቀር፣ ርካሽ የተሠራበት 1100 ሊገጥምህ ይችላል። በ1963 የወጣ ነው፣ እስካሁን ስንቱ ሰው ያድንበታል። ለስላሳ ነው፣ እወደዋለሁ። ካዝናው ቱቦ ላይ አንዲት የጎማ ቀለበት አለችው። ስትሰነጠቅ ጋዙ ያመልጣል፣ ጠመንጃው ባለ አንድ ጥይት ይሆናል። ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው። 1100 ያለው ሰው ኪሱ ውስጥ ሁለት ትርፍ ቀለበት ሊኖረው ይገባል።

አሁን የ400 ዶላሩ። ቱርክ የተሠራ ሁሉ መጥፎ ነው ብዬ አልዋሽህም። ስቶገር ኤም3000 ቱርክ ነው የሚሠራው፤ የቤኔሊ ወገን ነው፣ በኢነርሺያ ይሠራል፣ እንደ ዋጋው ደህና ጠመንጃ ነው። አዲስ ሲሆን ሞላው ጠንካራ ስለሚሆን መጀመሪያ ከበድ ያለ ጥይት ይፈልጋል። ችግሩ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ዘንድሮ በአንድ አስመጪ መጥቶ ከርሞ የማይኖረው ዓይነት ነው። እሱ ሲሰበር መለዋወጫ ብለህ የምትደውልለት ሰው የለህም። 400 ዶላር ብቻ ቢኖርህ ኖሮ ሴሚ አውቶማቲኩን ትተህ ፓምፕ ግዛ እልህ ነበር። ሬሚንግተን 870 ከ1950 ጀምሮ አለ። ሞስበርግ 500ም እንዲሁ የታመነ ነው። ፓምፕ በክንድህ ኃይል ነው የሚሠራው፤ ክንድህ ደግሞ በብርድ አይነክስም። ርካሽ ሴሚ አውቶማቲክ ከምትይዝ ጥሩ ፓምፕ ብትይዝ ይሻልሃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የሽማግሌው አውቶ 5 ጋ ደረስን። ይህን በደንብ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የምወደው ጠመንጃ ነው።

አውቶ 5ን የነደፈው ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነው። ከ1902 ጀምሮ ቤልጅየም ውስጥ፣ ሊዬዥ አጠገብ ሄርስታል ባለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ተመረተ። በብዛት ተመርቶ የተሳካለት የመጀመሪያው ሴሚ አውቶማቲክ ሾትገን ይህ ነው። አባቶቻችን "ቤልጅግ" እያሉ የፎከሩለት ጠመንጃ የመጣበት አገር መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ሞቅ ይላል። ከሩቅ የምትለየው በጀርባው ነው። ጀርባው ከኋላ ቀጥ ብሎ እንደ ጉብታ ይወርዳል።

አሠራሩ ከሁለቱም የተለየ ነው። ሲተኮስ አፈሙዙ ራሱ ከቦልቱ ጋር ተቆላልፎ ወደኋላ ይሄዳል። ከዚያ አፈሙዙ ቀድሞ ወደፊት ይመለሳል፣ ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ ቦልቱ ተከትሎ አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ትከሻህ ላይ ድርብ ግፊት ይሰማሃል፤ መጀመሪያ ግር ይላል፣ በኋላ ትለምደዋለህ።

ግን ሳትገዛው ሦስት ነገር እይ። አንደኛ፣ የፊቱን እንጨት አውጥተህ ካዝናው ቱቦ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ተመልከት። አንድ ሞላ፣ አንድ የብረት ቀለበትና አንድ የነሐስ ቁራጭ ታገኛለህ። ለከባድ ጥይት የብረት ቀለበቱ ከሞላው ፊት፣ በሞላውና በነሐሱ መካከል ይገባል። ለቀላል ጥይት ደግሞ ከሞላው ኋላ ይቀመጣል። ይህን ያላወቀ ሰው በቀላሉ አቀማመጥ ከባድ ጥይት ለዓመታት ከተኮሰበት አፈሙዙ በኃይል እየተመለሰ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። እንጨቱን ብርሃን ላይ ያዘው። ከውስጥ በኩል የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየህ ታሪኩን ነገረህ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን አንብብ። 12 ነው ወይስ 16 ጌጅ? ድሮ የተሠሩ አንዳንድ 16 ጌጆች ከዛሬው 2¾ ኢንች ላጠረ ጥይት የተቀረጹ ናቸው። የዛሬውን ጥይት ልትሰጣቸው አይገባም።

ሦስተኛውና ለአንተ ዋናው የብረት ጥይት ነገር ነው። ብራውኒንግ ራሱ ቤልጅየም በተሠሩት አሮጌ አፈሙዞች የብረት ጥይት እንዳይተኮስ ያሳስባል። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ደግሞ በአብዛኛው የሕዝብ መሬት ላይ ፌዘንት ስታድን እርሳስ ክልክል ነው፤ ብረት ወይም ሌላ መርዝ የሌለው ጥይት ግዴታ ነው። የምትተኩሰው ብረት ብቻ ከሆነና የግል መሬት ያለው ወዳጅ ከሌለህ በዚያ ጠመንጃ ብዙ ቦታ አትሄድም ማለት ነው። በኋላ ጃፓን የተሠሩት፣ ቾካቸው (ፍሬው ምን ያህል እንደሚበተን የሚወስነው የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት) የሚቀያየረው ኢንቬክተር አፈሙዞች ግን ብረት ይችላሉ። የሽማግሌው ጠመንጃ እንዲያ ዓይነት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል።

ስለ ጥይት ካነሳሁ፣ በእርሳስ 5 ወይም 6 ቁጥር የሚተኩስ ሰው በብረት ወደ 3 ወይም 2 ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል፤ ይህ የሚያስፈልገው ብረት ቶሎ ኃይሉን ስለሚጨርስ ነው። ቾኩንም አታጥብቀው። ወቅቱ ሲከፈት ወፎቹ ቅርብ ሲነሱ ሰፋ ያለው ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር፣ በረዶ ሲወርድ ርቀው መነሳት ሲጀምሩ መካከለኛው ሞዲፋይድ በቂ ነው። ጠባቡ ፉል ቾክ ብረት ስለሚያጨናንቅ ተወው። ሌላም ነገር፦ ሥጋውን ስታጥብ በጣትህ እየዳሰስክ ፍሬውን ልቀም። ብረቱ ጥርስ ይሰብራል። ባለቤቴ ፌዘንቱን በዶሮ ወጥ አሠራር ነው የምትሠራው፤ ሥጋው ስብ ስለሌለው ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው የምትጨምረው። አለበለዚያ ይደርቃል።

አንድ ነገር ከስም በላይ የሚበልጥ አለ። ትከሻህ ላይ የሚቀመጥበት ሁኔታ። ሱቅ ስትሄድ የአደን ካፖርትህን ይዘህ ሂድ፣ በአደባባይ ቢያሳፍርህም ልበሰው። በቲሸርት ልክ የነበረ ሰደፍ በወፍራም ካፖርት ይረዝምብሃል፣ ብብትህ ሥር ይያዝብሃል። ባለሱቁ ባዶ መሆኑን ያሳይህ፤ አንተም ደግመህ እይ። ከዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ምረጥ። ዓይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን ወደ ትከሻህ አንሳ። ጉንጭህን እንጨቱ ላይ አሳርፍ። አሁን ዓይንህን ክፈት። የፊቷን ዶቃ በቀጥታ ካየሃት ይስማማሃል። የጠመንጃውን ጀርባ ብቻ ካየህ ዝቅ ብሎብሃል፤ የአፈሙዙን ሙሉ ርዝመት ከላይ ካየህ ከፍ ብሎብሃል። አብዛኞቹ አዳዲሶች ከሳጥናቸው ጋር ስስ ማስተካከያ ሳህኖች ይዘው ይመጣሉ፤ በሰደፉና በጠመንጃው መካከል እየቀያየርክ ታስተካክላለህ። አምስት ጊዜ ደግመህ አንሳ። አምስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ካረፈ፣ በሌላ ስም ከሚመጣ፣ ዋጋው በ300 ዶላር ከሚበልጥ ጠመንጃ ይልቅ ይህን ያዝ።

ገዝተህ አጥበህ ከጨረስክ ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ወደ ሸክላ ኢላማ ሜዳ ሂድ። አራት ሳጥን፣ ማለትም 100 ጥይት ያዝ። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ከበድ ያለ ጥይት አድርግ፤ አዲስ ብረት ከብረት ጋር እንዲላመድ ይረዳል። የቀረውን በዚያው በአደን ጥይትህ ጨርስ። ባዶው ቀለህ ወዴት እንደሚወድቅ ተመልከት። ሁልጊዜ በጎንህ አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ከወደቀ ጤናማ ነው። እግርህ ሥር ጥፍት ጥፍት እያለ ከወደቀ ጠመንጃው ደካማ ነው ወይም ጥይቱ ቀሎታል። ከነከሰ መጀመሪያ ጥይት ቀይር። ከዚያ አጽዳ። ከዚያ ቀለሁን የምትጎትተዋን ጥፍር እይ። እሱም ካልሠራ ነው ወደ ባለሙያ የምትሄደው። መቶውን ሳይነክስ የጨረሰ ጠመንጃ ለአደን ደርሷል ማለት ነው።

ከአደን ስትመለስ ከብርድ ወደ ሞቃት ቤት በቀጥታ አታስገባው፤ ብረቱ ያልበዋል፣ ውስጡ ይዝጋል። መኪና ውስጥ ባዶ አድርገህ በማስቀመጫው ዘግተህ አስገባው፤ ቤትም ማስቀመጫው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ከዚያ አውጥተህ ጠርገህ ቆልፍበት። ልጆች ካሉህ የጠመንጃ ሳጥኑ ቁልፍ በአንተ ወይም በባለቤትህ እጅ ብቻ ይሁን፣ ጥይቱም ሌላ ቦታ ይቆለፍ። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ "ከፍ ያለ ቦታ ነው" ማለት አይበቃም።

ስለ ወረቀቱ ደግሞ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፈቃድ ካለው ሻጭ ሾትገን መግዛት ይችላል። ግሪን ካርድህንና አሁን የምትኖርበት አድራሻ ያለበት መታወቂያህን ያዝ። 4473 የሚባል ፎርም ትሞላለህ፣ ሻጩ የኋላ ታሪክህን በፌዴራል ስርዓቱ ያጣራል። እያንዳንዱን ጥያቄ አንብበህ በእውነት መልስ። በቪዛ ያሉ ዘመዶቻችን ሕጉ በመሠረቱ ይከለክላቸዋል፤ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ስለዚህ ማንም ሰው "በስምህ ግዛልኝ፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ" ቢልህ እምቢ በል። ወንድምህም ቢሆን። የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ግሪን ካርድህንም ሊያሳጣህ የሚችል መዘዝ አለው።

ከጓደኞችህ ጋር አንድ ቀን ዳክዬ ልትወጣ ከሆነ፣ ሳትበላውም ቢሆን፣ ሕጉ ይጨምራል። ለተሰዳጅ ወፎች ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይይዝ ካዝናው ውስጥ መሰኪያ ይገባል፣ የፌዴራል የዳክዬ ቴምብርም ያስፈልጋል። መሰኪያዋ ከጠመንጃው ሳጥን ውስጥ አብራ ትመጣለች፤ እንደ ማሸጊያ ቆሻሻ እንዳትጥላት።

ለማንኛውም የሽማግሌውን አውቶ 5 ወዲያው እምቢ አትበለው። አፈሙዙ በግራ በኩል የተጻፈውንና የፊት እንጨቱን ከውስጥ በኩል ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ቤልጅየም የተሠራ ከሆነ እንደ ቅርስ ያዘው፤ ለሜዳው ኤ300ውን ግዛ። ጃፓን የተሠራ ኢንቬክተር ከሆነ ደግሞ ዋጋ ከመስማማትህ በፊት ደውልልኝ።